ከደሙ በፊት የሚመጣው

«እኔ ስድስት ወልጃለሁ። አንቺ ምን ወልደሽ ነው የምታርሚኝ?» አሉኝ የእህቴ አማት።

«እኔማ ምንም አልወለድኩም እማማ። ባሏ ዛሬ ቢጠራ ትርፉ የመንገድ ድካም ነው፣ ነው ያልኩት።»

«ደሜ ትናንት ቆመ አላለችም?»

«ብላለች።»

«ታዲያስ። ትናንት ከቆመ ዛሬ ይጠራል። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ማህፀኑ ይከደናል።»

«የሚከደን ነገር የለም። ገና የሚመጣ ነገር ነው ያለው።»

«ምኑ ነው የሚመጣው?»

«እንቁላሉ።»

ሴትየዋ ወደ እህቴ ዞሩ። «ይቺን ልጅ ትምህርት ቤቱ ዶሮ አድርጎ ነው የላካት?»

እህቴ መሳቅ አልፈለገችም፤ ግን ሳቀች። ከሁለታችን መካከል ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም እየዘመዘመች ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ የወልቂጤ እናቶች ሁሉ ልጆቻቸው በአንድ ክረምት ማደጋቸውን በዚያ ሳምንት ነው የሚያስተውሉት። ከስፌት መኪናው ግራ ያልተሰፋው ጨርቅ፣ ከቀኙ የተሰፋው ተቆልሏል። አማቷ ከጉንችሬ ተሸክመው ያመጡት ቆጮ በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ በተሰፋው በኩል ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ውሃው ወደ ሸሚዞቹ እንዳይደርስ ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልቻልኩም።

«እንሰት ሲባዛ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። ቡታጅራ ከተማ መሃል እንዳደግሁ ያውቃሉ፤ ጥያቄው ስድብ ነበር። «ሥሩን ታወጪዋለሽ። መሃሉን ትፈለፍይዋለሽ። ሰንጥቀሽ ፍግ ትሞይበታለሽ፣ ትቀብሪዋለሽ። ከዚያ ነው ልጆቹ ዙሪያውን የሚወጡት። ሳይከፈት የሚበቅል የለም። ሴትም ደሟ በቆመ ሰሞን ነው የምትከፈተው። የእኔ ልጆች ስድስቱም የሰኔ ልጆች ናቸው። ለምን? አባታቸው ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሲመጣ እኔ ጊዜዬን አውቅ ነበር።»

«ለመስቀል መጥተው እስከ መቼ ይቆዩ ነበር?»

«አንዳንዴ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴ እስከ ህዳር። ያኔ መንገዱ መቼ እንዲህ ነበር።»

«ልጅዎት ሁለት ሌሊት ነው የሚያድረው። ከዚያ ሱቅ፣ ሱቅ ነው።»

«እና?»

«እናማ እሳቸው ወር ሙሉ እዚሁ ከነበሩ የትኛው ቀን እንደያዘ በምን አወቁ?»

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ስልኩን ከጠረጴዛው አንስተው ለእህቴ ዘረጉላት፤ እህቴም ተቀብላ ደወለች። ባሏ መጣ። ሁለት ሌሊት አደረ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዞ ወደ መርካቶ ተመለሰ።

በትዳራቸው እንዲህ ነበር የሚኖሩት። እሱ መርካቶ ውስጥ ጫማ ይሸጣል፤ እሷ ወልቂጤ ላይ ትሰፋለች። ደሟ ሲቆም ትደውላለች፤ ይመጣል። ለመደወል ሲያፍሩ «ዕቃው ደርሷል» የሚባል ቃል ነበራቸው። በመጀመሪያው ዓመት ይስቁበት ነበር። እኔ ከቡታጅራ ስመጣ ግን አራተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር፤ ያኔ እህቴ «ዕቃው ደርሷል» የምትለው ዕዳ እንደሚያስታውስ ሰው ዓይኗን ግድግዳ ላይ ተክላ ነው።

እኔ የመጣሁት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስላላለፍኩ ነው። ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ሂሳብ እቀበላለሁ። ማንም ያላስተማረኝን ግጥም እጽፋለሁ። ጨርቅ የምናሰምርበትን የደረቀ የሳሙና ቁራጭ ይዤ በጥቁር ገበር ላይ ስንኝ እጽፍና እህቴ ስትመጣ በእጄ መዳፍ አራግፈዋለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ መቀመጥ አልችልም። ክር ልግዛ ብዬ ወጥቼ መናኸሪያ ድረስ እሄዳለሁ፤ ረዳቶቹ የከተማ ስም ሲጠሩ ሰምቼ ያለ ክር እመለሳለሁ።

በዚያ ነሐሴ ግን ያቁነጠነጠኝ ሌላ ነገር ነው። አማቷ ሲሄዱ በራፍ ላይ ቆመው ለእህቴ በዝግታ እንዲህ አሏት፦ «ለመስቀል ወንድሞቹ ሁሉ ይገባሉ። ነገሩን ሊያነሱት ነው። እኔ ጸሎቴን አላቋረጥኩም፤ አንቺም ጌታን አጥብቀሽ ያዢ። ግን እነሱ ሲያነሱት ዝም በሉ ማለት አልችልም።»

እኛ አገር የቤተሰብ ነገር የሚቆረጠው በመስቀል ነው። ደመራውን የማንዞር ጴንጤዎች ብንሆንም ክትፎውንና ሸንጎውን ግን አንተውም። «ማንሳት» ማለት ምን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ልጅ ያልመጣበት ቤት ይፍረስ ወይስ ይቆይ፣ ይባላል። ባሏ ይወዳታል። ግን ስድስት ወንድማማቾች በተቀመጡበት ታናሹ እሱ ነው፤ ታናሽ ደግሞ እጅ ያስታጥባል እንጂ ነገር አይቆርጥም።

ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬ ነዘነዝኳት። ዩኒፎርሙ አለች። ዝናቡ አለች። በመጨረሻ ባሏ በተመለሰ በሳምንቱ፣ መብራት ጠፍቶ ካውያው በቀዘቀዘበት ጠዋት፣ መኪናውን በጨርቅ ሸፍና «ተነሽ» አለችኝ።

አዋላጇ ነርስ ከእህቴ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ወንበር ብቻ ስለነበረ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጠየቀቻት፤ እህቴ መለሰች። ደሟ በየወሩ አይመጣም፤ አንዳንዴ ከወር ይተርፋል፣ አንዳንዴ ወደ ሁለተኛው ወር አጋማሽ ይገፋል። ሲመጣ ግን ይመጣል። «ስለዚህ ጤነኛ ነኝ» አለች እህቴ፤ እንደ ምስክር ወረቀት።

«ደም መምጣቱ ጥሩ ነው» አለች ነርሷ። «ግን ደም ስላየሽ ብቻ እንቁላል ወጥቷል ማለት አይደለም። አንዳንድ ወር እንቁላል ሳይወጣም ሴት ትደማለች። በወጣበት ወር ደግሞ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ እንቁላሉ ይወጣል፣ ማህፀን እንግዳ ይመጣል ብላ ትሰናዳለች፣ ሁለት ሳምንት ገደማ ትጠብቃለች። ካልመጣ ያነጠፈችውን ታወጣለች። ደሙ ያ ነው።»

«ደሙ መጀመሪያ አይደለም?»

«መጨረሻ ነው። ያለፈውን ነው የሚነግርሽ።»

እኔ ከግድግዳው ላይ ሆኜ «አላልኩም?» የሚል ፊት አሳየኋት። ነርሷ አየችኝ። «አንቺስ ምን ብለሽ ነበር?»

«ደም ከመጣ በአስራ አራተኛው ቀን ነው ብያለሁ። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው።»

«ለመጽሐፉ ሴትዮ ልክ ነው። የእህትሽ ግን ይረዝማል። ሲረዝም የሚረዝመው እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከሚቀጥለው ደም ወደ ኋላ ልቁጠር ብትይ ደግሞ፣ ደሙ ገና ካልመጣ ከየት ትጀምሪያለሽ?» ወደ እህቴ ተመለሰች። «ስለዚህ ቀኑን አትጠብቂ፤ ሰውነትሽን ጠብቂ። በመሃል ላይ ፈሳሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ንጹሕ፣ የሚለጠጥ፣ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጭ?»

እህቴ ወደ መሬት አየች። «ለሱ መድኃኒት ወስጃለሁ» አለች።

«ለምኑ?»

«ለፈሳሹ።»

«ያሳክክሽ ነበር? ሽታ ነበረው?»

«የለውም። ብርጭቆ ይመስላል። ግን ይበዛል። ፋርማሲ ሄጄ ፈሳሽ አለኝ ስል እንክብል ሰጡኝ። ስጨርሰው ይጠፋል። ከዚያ ደግሞ ይመለሳል፤ ደግሞ እገዛለሁ።»

«እንክብሉ አይደለም ያጠፋው። ጊዜው አልፎ ነው።» ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሽታ ወይ ማሳከክ ቢኖረው በሽታ ነው፣ ትመጪያለሽ። ይሄ ግን መንገዱ ነው። እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ነው የሚመጣው። እንቁላሉ አንድ ቀን ገደማ ነው የሚቆየው፤ የወንዱ ዘር ግን በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ቀናት ይቆያል። ከባልሽ ጋር መገናኘት ያለብሽ ፈሳሹ ባለበት ነው።»

እህቴ ሁለት እጇን ጭኖቿ መሃል ከተተች። «በዚያ ጊዜ አታስጠጊው ብዬ ራሴን እከለክላለሁ» አለች። «እንዳይይዘው።»

ነርሷ ቀስ ብላ «እሱንም ይዘሽው ነይ፤ እሱም መመርመር አለበት» አለቻት፤ ሌላም የደም ምርመራ ጻፈችላት፤ ይሄ ተስፋ እንጂ ዋስትና እንዳልሆነም ነገረቻት። እህቴ ራሷን ትነቀንቃለች። የሰማች አይመስለኝም።

ባጃጁ ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ባሏ ዕቃ ሊያራግፍ ሳይጠራ የመጣባቸው ሌሊቶች ነበሩ። በጓዳ በኩል ያለውን አልጋ ለእሱ ትታ ብርድ ልብሷን ታቅፋ ወደ ስፌት ክፍሉ ትመጣና አጠገቤ ወለል ላይ ትተኛለች። «ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳላስይዘው» ትላለች። ጠዋት ብርቱካን ገዝቶላት ይመጣል፤ ቆሞ እየላጠ ያጎርሳታል። የብርቱካን ልጣጭ የሚሸተው ክፍል ትዝ አለኝ። እነዚያን ሌሊቶች በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

«አትቁጠሪ» አለችኝ እህቴ። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር፤ እጄን አላየችም።

«ፋርማሲው እንኳ ባል አለሽ ወይ፣ ልጅ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» አለች። ቀጥላም፣ «ለጸሎት ስንሰበሰብ ለእሱም እኮ አስጸልያለሁ። ይሄን ፈሳሽ አድርቅልኝ ብዬ።»

ባጃጅ ነጂው ሙዚቃውን ከፍ አደረገ። ሰምቶ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መጥፎ ነበሩ። ባሏ ሁለት ሌሊት ያደረበት ጊዜ ፈሳሹ ገና ያልመጣበት እንደነበረ አሁን ሁለታችንም እናውቃለን። ተስፋው የሚመጣው ፈሳሽ ነው፤ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። እኔ ጠዋት ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ ፊቷን አያለሁ።

«አታፍጪብኝ» ትለኛለች። «የሎተሪ ዕጣ አይደለሁም።»

መስከረም ጠባ። ዩኒፎርሙ አለቀና የበዓል ልብስ ተተካ። ከአዲስ አበባ የሚመጡት አውቶቡሶች እስከ ጣሪያቸው ሰውና ዕቃ ጭነው ይገባሉ፤ ወንዶቹ ሱፍ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ይዘው ይወርዳሉ። የጎረቤት ሴቶች የቅቤ እቁባቸውን ተካፈሉ። የእኔ እግር አላርፍ አለ። መናኸሪያ እሄዳለሁ፤ እመለሳለሁ፤ የቁልፍ ቀዳዳ በተሳሳተ ቦታ እቀድዳለሁ። ግጥም ልጽፍ ሞከርኩ። ለደሙ ብዙ ስም አለን፤ አደፍ እንለዋለን፣ እንግዳ እንለዋለን፣ የከተማ ልጆች ፔሬድ እንላለን። ለዚያኛው ግን፣ ሁሉንም ነገር ለሚጀምረው፣ እናት ለልጇ በጆሮዋ የምትነግረው ስም አጣሁ። ስም የሌለው ነገር ሰው ቤት ገብቶ ቢወጣ ማን ያየዋል? ይህንን በገበሩ ላይ ጽፌ አራገፍኩት፤ ስንኝ አይሆንም።

አንድ ጠዋት እህቴ እጇን ታጥባ ገባች። ፊቷ ላይ የተለየ ነገር የለም። መኪናው አጠገብ ቁጭ አለች፤ መርገጫውን ግን አልረገጠችም።

«መጣ» አለች።

ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ከክር ጥቅሎቹ መሃል አስቀመጠችው። ከዚያ ወገን የመርካቶ ጫጫታ ገባ፤ የሚጎተት ካርቶን፣ የሚከራከር ሰው።

«ና» አለችው።

«ደህና አደርሽ ይቀድማል እኮ» አለ ባሏ እየሳቀ። «የት ልምጣ? ገበያው እሳት ነው። አገር ምድሩ ጫማ ሳልገዛ አልገባም ያለ ይመስላል። ትንሽ ቀን ነው የቀረው፣ እመጣ የለ እንዴ?»

«ያኔ ያልፋል።»

«ምኑ ነው የሚያልፈው? መስቀል ነው?»

እህቴ ስልኩን አንስታ ማጉያውን አጠፋችና ወደ ጥግ ዞረች። ምን እንዳለችው በሙሉ አልሰማሁም። «አይደለም፣ በሽታ አይደለም» ስትል ሰማሁ። «ጉንፋንም አልነበረም» ስትል ሰማሁ። ከዚያ እሷ፣ «ሱቁ ቆጥ ላይ ሦስት ሆናችሁ እንደምታድሩ አውቃለሁ። አልጋ ያዝ።» ትንሽ ቆይታ፣ «አዎ፣ እኔ።»

ዘግታው ወደ ጓዳ ገባች። ሻንጣ ሲከፈት ሰማሁ። በዚህ መሃል ነው አማቷ የገቡት። ቀጠሯቸው ነበር፤ እህቴን ይዘዋት ጉንችሬ ሊሄዱ፣ ቤቱን ሊያስለቀልቁ፣ የክትፎውን ጣባ ሊያሳጥቡ፣ ቆጮውን ሊያዘጋጁ። በእጃቸው ለሁለት ሰው የሚሆን ጃንጥላ ይዘዋል። ላባቸውን እየጠረጉ ከተቀመጡ በኋላ እህቴ ቀሚሷን ቀይራ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

«በርቺ፣ ተሰናድተሻል» አሉ ደስ ብሏቸው። «ሚኒባሱ ሳይሞላ።»

«እማዬ፣ ጉንችሬ አይደለም የምሄደው። አዲስ አበባ ነው።»

«ምን ሆኖ ነው? ታመመ?»

«ደህና ነው። ጊዜዬ ስለሆነ ነው።»

ሴትየዋ እኔን አዩ፤ ከዚያ እሷን። «እሱ ሊመጣ ነው እኮ። ሰው ሁሉ እየወረደ አንቺ ትወጫለሽ?»

«እሱ እስኪመጣ አይቆይልኝም።»

«የት ልታድሪ ነው? ሱቁ ላይ?»

«አልጋ እንይዛለን።»

«ከገዛ ባልሽ ጋር አልጋ ቤት?»

«ከሌላ ሰው ጋር ይሻላል እማማ?» አልኩ እኔ።

«አንቺ ዝም በይ» አሉኝ ሁለቱም አንድ ላይ።

እህቴ ፊት ለፊታቸው በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ፈሳሹን፣ እንክብሉን፣ ባሏን ያራቀችባቸውን ሌሊቶች ሁሉ ነገረቻቸው፤ በአማርኛ ጀምራ በጉራግኛ ጨረሰችው። አማቷ ቀና ብለው አላዩአትም። የጃንጥላቸውን እጥፋት እያስተካከሉ ሰሟት። ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ልጄ፣ ያልሽው እውነት ይሁን። እኔ አላውቀውም። ግን ቤቱ የሚታየው በዚህ ሳምንት ነው። ወንድሞቹ ሲገቡ ምራቲቱ የለችም። ሰው ምን ይላል?»

«ባሏ ጋ ሄደች ይበል።»

«ባሏን መጠበቅ አቃታት ይላል እንጂ።»

«እውነታቸውን ነው። አቅቶኛል።»

«ለበዓሉ ሳትደርሺ ብትቀሪስ? እነሱ ነገሩን ሲያነሱ እኔ ምን ይዤ ልናገርልሽ? እጇ ቤቴ ውስጥ ነው ብዬ ነበር የምመክተው።»

እህቴ እሳቸውን እንደምትወዳቸው አውቃለሁ። እሳቸውም በክፉ እንዳልመጡ አውቃለሁ። ይህ ሁሉ ግን የአንድ ቀን ዕድሜ ላለው እንቁላል ምኑ ነው? ውጭ አንድ ረዳት «አዲሳባ፣ አዲሳባ» እያለ ያልፋል፤ ሰው አራግፈው የሚመለሱት መኪኖች በዚያ ሰሞን ባዶአቸውን ስለሆኑ መንደር ለመንደር እየዞሩ ነው የሚለምኑት። ሂጂ ልላት ፈለግሁ፤ አንቺ ዝም በይ ተብያለሁ።

«አይናገሩልኝ» አለች በመጨረሻ። «ከተቆጡም ይቆጡ።»

«እኔ አልተቆጣሁም። ፈርቼልሽ ነው።»

«እኔም ፈርቻለሁ።» ተነሳች። ለእኔ፣ «የቀይዋ ሴትዮ ቀሚስ ነገ ይወሰዳል፤ ጠርዙን በእጅ ስፊው፣ በመኪና አይሆንም» አለችኝ። ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ነካች፤ ሴትየዋ እጇን ያዟት፣ አጥብቀው ያዟት፣ ከዚያ ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ላሉ።

እህቴ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ሰቀለች፤ ዘወር ብላ ሳታየን ወጣች፤ የቆርቆሮ በሩም ከኋላዋ ተንኳኩቶ ተዘጋ።